የምቻንጋኒ ጉድጓድ ጨው፦ ለክቡር ዳይሬክተር ካሪሳ

ለክቡር ቡዋና ካሪሳ
የጠረፍና የደሴቶች የከርሰ ምድር ውሃ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ኩላሊትዎ፣ ልብዎ፣ በተለይም የደም ግፊትዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም። ወደ ደሴታችን በመጡ ጊዜ የሚጠጡትን ውሃ ከከተማ በካርቶን አስጭነው ከጀልባ ሲያስወርዱ ስላየሁ፣ ለጤናዎ የሚሳሳ ሰው እንዳለዎት፣ እሱም ራስዎ እንደሆኑ ተረድቼ እፎይ ብያለሁ።

እኔ የሼኩዌ ልጅ ምዋናቱሙ ነኝ፤ በምቻንጋኒ፣ ከአሸዋው ክምር ሥር፣ አያታችን ካስቆፈሩት ጉድጓድ አጠገብ የምኖር ባልቴት። ቀደም ሲል ለጽሕፈት ቤትዎ የላክኋቸው ማመልከቻዎች መደርደሪያዎን እንዳጣበቡብዎ ስለምገምት፣ የአሁኑን ቦታ በማይዝብዎ መንገድ፣ በጋዜጣ አቅርቤዋለሁ። ዓላማዬም ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ከአሸዋው ጀርባ ለተሠራው ሆቴል ጥልቅ ጉድጓዶች እንዲቆፍር ስለፈቀዱለት አመሰግናለሁ። በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከባሕሩ ውሃ በላይ እንደ ዘይት ተንሳፍፎ የሚተኛውን ስስ የዝናብ ውሃ እኛ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በባልዲ ስንቀዳ ኖረን መጨረስ አቅቶን ነበር። ሆቴሉ ግን በፓምፕ እየሳበ፣ ከባሕሩ ዳር በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ የመዋኛ ገንዳ ሞልቶበት፣ በአሸዋ ላይ ሣር አብቅሎበት፣ እኛ ያልቻልነውን ቻለ። ባሕሩም ከሥር ባዶ ቦታ ሲያገኝ ገባበት። ባሕር ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም እርስዎ እንደማይከለክሉት ሳያውቅ አልቀረም።

ሁለተኛ፣ አቤት ባልን ጊዜ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ወጣቱ ባለሙያ ውሃውን በጠርሙስ ሲቀዳ፣ እኛ ውሃው ጨው ጨው ይላል ስንለው፣ “ጣዕም የግል ስሜት ነው” ብሎ አስተማረን። ከዚያም በጉድጓዳችን አፍ ላይ “ይህ ውሃ ተመርምሮ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል” የሚል፣ ማኅተምዎ ያረፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ ተተከለልን። ጨዉ በአንድ ቀን አልመጣምና ምላሳችንም ቀስ በቀስ ለመደው። ሰሌዳውን ደግሞ በየቀኑ ስላየው ብዙ ሰው አመነው። ይበልጡን ያመነው ወንድሜ ፉሞ ነው፤ ሦስተኛው ምስጋናዬም በእሱ ጉዳይ ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ፉሞ የጀልባ አናጢ ነው። ባለፈው ክረምት ጭንቅላቱን አዙሮት ከመዶሻው ጋር ወደቀ። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል ተባለ። ክኒን ሰጡት፤ ጨው የሚባል ነገር ቤቱ እንዳይገባም አዘዙ። ሚስቱ ሪዚኪ የጨዉን ማሰሮ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። ሩዙን በኮኮናት ወተት ብቻ፣ ዓሣውን በሎሚ ብቻ ትሠራለት ጀመር። በቀጠሮው ቀን ሲለካ ግን ግፊቱ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ነርሷ ሪዚኪን ገላመጠቻትና፣ “እናቴ፣ ባልሽን የምትወጂው ከሆነ እንደ ዓሣ በጨው አትዘፍዝፊው” አለቻት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ፉሞ አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕድ በቀረበ ቁጥር አንድ ጉርሻ ወስዶ፣ ጨው ጠርጥሮ ይተፋል።

“አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነው ጨው የጨመረው?”

“ወላሂ አንዲት ፍሬ አልነካሁም! እህትህን ጠይቃት፣ ማሰሮው እሷ ዘንድ ነው።”

“እውነቷን ነው፤ ውሃው ነው ፉሞ” አልኩት።

“ውሃው ተመርምሯል! ማንበብ አትችሉም? እዚያ ተጽፏል እኮ!” ብሎ በጣቱ ወደ ሰሌዳዎ ጠቆመ።

ክቡር ሆይ፣ አራት ልጆች የወለደችለት፣ ትኩሳት ሲይዘው ደረቷ ላይ አስተኝታ የምታነጋለት ሴት ከአንድ ቆርቆሮ ጋር ተመዝና ቀለለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው እየሰማ፣ “ልትገድይኝ ነው፤ ፈትቼሻለሁ” አላት። ሪዚኪ እጇን ታጠበች፣ ቡይቡይ የምንለውን ጥቁር መጎናጸፊያዋን ደረበች፣ ከባሕሩ ማዶ ወንድሟ ዘንድ ወደሚያሻግራት ጀልባ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው እርስዎ የመጡልን። “የውሃ ሀብታችንን በጋራ እንጠብቅ” የሚለውን ስብሰባ በመስጊዱ አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር ሲከፍቱ፣ ሆቴሉና መንደሩ እንደ ወንድማማች ተካፍለው እንዲጠጡ ሲመክሩን፣ ፉሞ ከፊት ተቀምጦ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በመካከሉ የመስጊዱ ሼኽ በእንግዳ ደንብ የሻይ ስኒ በእጅዎ ላይ አኖሩ። እምቢ ማለት ነውር ሆነብዎ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፤ ፊትዎ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተጨማደደ፣ አጎንብሰውም ተፉት።

“በስኳር ፈንታ ጨው የጨመረው ማን ነው?” አሉ።

 እኛ ያንኑ ሻይ ከዚያው በራድ ስንጠጣ ነበር፤ ጨዉን ምላሳችን ስለለመደው ፊቱን ያጨማደደ አልነበረም። ፉሞ ግን ራሱን መነቅነቁን አቆመ። መጀመሪያ የእርስዎን ፊት አየ፤ ቀጥሎ በእጁ ያለውን ስኒ፤ ቀጥሎ ሰሌዳውን። ከዚያ እርስዎ እየተናገሩ ተነሥቶ ሄደ። ረዳትዎ “ሽማግሌው፣ ስብሰባው አላለቀም!” ሲለው፣ “የእኔ አልቋል” አለው።

ስለዚህ ሦስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ስለዚያች አንዲት ጉንጭ ነው። ሚስትም፣ እህትም፣ መሐላም ያላስረዱትን እውነት እርስዎ በምራቅዎ አስረዱልን።

ፉሞ በዚያው ቀን ተሻገረ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሪዚኪ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። ግቡ አላለችም። ከወንድሟ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣው፣ ደገመው፤ ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“እውነትሽን ነው፣ ምንም አልጨመርሽም” አላት።

“አልጨመርኩም።”

“ሼኹ የፍቺ መቆያ ጊዜሽ፣ ዒዳሽ፣ ስላላለቀ መመለስ እንችላለን ብለዋል። ነይ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።”

ሪዚኪ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ፣ “ይቅር ብዬሃለሁ” አለችው። “ወደ አንተ እመለሳለሁ። ወደዚያ ውሃ ግን አልመለስም። የምትፈልገኝ ከሆነ አንተ ና።”

መጣ። ወንድሜ በስልሳ ዓመቱ የአባቱን ቤት በር፣ አያታችን በመሮ የቀረጹትን፣ ከማጠፊያው ነቅሎ በጀልባ ጭኖ ላይመለስ ሄደ። አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግፊቱ አሁን ወርዶለታል። ጤና ጣቢያም በሚስቱ የሚያሾፍ የለም። ቤቱ ክፍት ቀርቶ ፍየሎች ይተኙበታል። ከእሱ ወዲህ ሌሎችም በራቸውን እየነቀሉ ነው፤ ጉዳዩ በዚህ ከቀጠለ የውሃ እጥረታችን ጠጪ በማጣት ይፈታል፣ ይህም ለጽሕፈት ቤትዎ ታላቅ ድል ይሆናል።

ፓምፖቹን ያስቁሙልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ሣሩ ሊደርቅ እንደሚችል አውቃለሁ። የምለምንዎት ሰሌዳውን እንዲያነሡልን ብቻ ነው። ውሃው ይዋሽብን፤ የባሕር ነው፣ ሕሊና የለውም። ማኅተም ግን ባይዋሽብን እንወዳለን።

ፓምፕ እስከ ጠለቀበት ድረስ ከጠለቀ አክብሮት ጋር፣ ጥላዎ ከሣሩ ላይ እንዳይጠፋ፣ ጉሮሮዎም ከእኛ ሻይ እንዲጠበቅ እየተመኘሁ፣

ምዋናቱሙ ቢንቲ ሼኩዌ
እስካሁን በሯን ያልነቀለች

ማሳሰቢያ፦ ለመጪው የውሃ ቀን የትምህርት ቤታችን ልጆች በሆቴሉ ሣር ላይ እንዲዘምሩልዎ መጋበዝዎን በደስታ ሰምተናል። ይመጣሉ። ነገር ግን መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ቶሎ ባይነሡ በዘበኛ አያስነሡብን፤ የሣሩ ማጠጫ ሲከፈት አፋቸውን ከፍተው በጀርባቸው ሊተኙ ተማክረዋል።