ባበጠው ጉንጬ ስለተቀጠረችው ሴት

ይድረስ ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የአስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጥርስዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እየገለጽኩ፣ በኮሌታ ክፍል የምሠራው፣ ይልቁንም እስከ ትናንት ድረስ እሠራ የነበርኩት ሰፊ፣ ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው የውጭ ግንብ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ይዤው እንዳልመጣ በሩ ላይ መከልከሌን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅሬታዬንም እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለሥራ እንዲያነቃቃን ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚታደለንን ከረሜላ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እየጎረስኩ፣ ማታም ድካሙ ሲጥለኝ ጥርሴን ሳልቦርሽ እየተኛሁ፣ የታች መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ማመም ጀመረኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈቃድ ብጠይቅዎ፣ በዓይን የማይታይ ሕመም ፈቃድ እንደማያሰጥ፣ ሕመሙ መታየት ሲጀምር ግን ያለ ምንም ሐሳብ እንድመለስ በአባትነት መከሩኝ። ምክርዎን አክብሬ፣ ቅርንፉድ ነክሼ፣ ጥርሴ የሚታይ ነገር እስኪያመጣ ድረስ ኮሌታዬን እየሰፋሁ ጠበቅኩ። ጥርሴም አላሳፈረኝም።

፪. ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔን ሲሸፍነው፣ ማስረጃዬን ተሸክሜ በደስታ ወደ ቢሮዎ ስገሰግስ፣ የበሩ ጥበቃ መታወቂያዬንና ፊቴን ደጋግመው አስተያይተው ፎቶው የእኔ አለመሆኑን ገለጹልኝ። እኚህ ሰው በየማለዳው የልጆቼን ደኅንነት ሳይጠይቁኝ አሳልፈውኝ አያውቁም። ድምፄን እንደለዩት፣ ጫማዬንም አሳምረው እንደሚያውቁት፣ ነገር ግን መመሪያው ስለ ፊት እንጂ ስለ ጫማ የሚለው ነገር እንደሌለ ከልብ እያዘኑ አስረዱኝ። ያን ዕለትም የልጆቼን ደኅንነት ጠይቀውኛል።

፫. እርስዎ ለዚህ ያገኙለት መፍትሔ ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ፊቴ በፋይሌ ካለው ፎቶ ጋር ስላልገጠመ፣ ባበጠው ፊቴ አዲስ ፎቶ አስነስተው፣ አዲስ መታወቂያ አሠርተው፣ እንደ አዲስ ሠራተኛ ቀጠሩኝ። አዲስ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜዋ ፈቃድ መጠየቅ እንደማትችል ሲነግሩኝ መግል በቋጠረ አፌ ላመሰግንዎ ባለመቻሌ አሁንም ይቆጨኛል። የክፍል አለቃችን ያን ቀን ኮሌታ እንዴት እንደሚሰፋ ሲያሠለጥነኝ ዋለ፤ እሱን ያሠለጠንኩት እኔ ነበርኩ። አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ በእኔ ቦታ ትሠራ የነበረችው ሴት ወዴት እንደጠፋች ብትጠይቀኝ፣ ጥርሷን አሟት መቅረቷን ነገርኳት።

፬. ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝና ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ፣ መመሪያዎን አንብቦ የማያውቀው ባለቤቴ እጄን ጎትቶ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሟ አፌን ከፍታ እንዳየች ተቆጣች። በተቦረቦረው ጥርስ የገባው ጀርም ሥሩ ድረስ ወርዶ መግል መቋጠሩን፣ በጊዜው ብመጣ ኖሮ ጥርሱን በማስሞላት ብቻ እገላገል እንደነበር፣ ከዚህ በላይ ብዘገይ ደግሞ እብጠቱ ወደ አንገቴ ወርዶ ትንፋሼን ሊዘጋው ይችል እንደነበር ነገረችኝ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተንጋልዬ ልጆቼን ብቻ ነበር የማስበው። መግሉን አፍስሳ፣ ሥሩን አጽድታ ደፈነችልኝ፤ ትኩሳቱ ስለነበረም መድኃኒት አዘዘችልኝ። ጠዋትና ማታ እንድቦርሽ፣ ከረሜላውን እንድተው፣ ሳያመኝም ብቅ እያልኩ እንድታይ አጥብቃ መከረችኝ። ሳያመኝ እንድታከም ማለቷን ስሰማ፣ ይህች ሴት በእርስዎ ሥር አንድ ቀን ውላ እንደማታድር ገባኝ።

ድኜ፣ ጉንጬም ወደ ቦታው ተመልሶ ትናንት ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ አዲሱን መታወቂያ ባሳይ ስላላበጥኩ የበሩ ጥበቃ አላስገባ አሉኝ። አሮጌውን ባወጣ ፊቴ ገጠመ፤ ነገር ግን የመታወቂያው ባለቤት ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረቷ መሰናበቷ ተነገረኝ። አዲሷም በሙከራ ጊዜዋ ስለጠፋች ተሰናብታለች። የሁለታችንንም የስንብት ደብዳቤ ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በአንድ መንጋጋ ሁለት ሠራተኛ የሚያሰናብት አስተዳደር በየትም ቦታ ስለማይገኝ፣ ለዚህ ብቃትዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችንን ወደ ሥራችን እንዲመልሱ በትሕትና አመለክታለሁ። የትኛችን ብንመለስ ለእኔ ግድ የለኝም፤ ልጆቹ የሁለታችንም ናቸው፤ ሁለታችንም ሌላ እንጀራ የለንም።

ከማይታይ ሕመም ሁሉ እንዲጠበቁ ከልብ እየተመኘን፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በአንድ አፍ የተባረሩት ሁለቱ የኮሌታ ሰፊዎችዎ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከበሩ ውጭ ቆሜ ሳለሁ፣ በቢሮዎ መስኮት ግራ ጉንጭዎን በመዳፍዎ ደግፈው ሻይዎን በአንድ ወገን ሲጠጡ አየሁዎት። ገና ስላላበጠ በመመሪያው መሠረት አላመመዎትም። ይሁን እንጂ የበሩ ጥበቃ ፎቶዎን ከወዲሁ ማጥናት ጀምረዋል። የሐኪሟን አድራሻ ከዚህ ወረቀት ጀርባ በጥንቃቄ ጽፌልዎታለሁ፤ ወረቀቱን ግን ግንቡ ላይ የለጠፍኩት በጠንካራ ሙጫ ነው።