የኖራው መስመር

ታኅሣሥ ፳፯፣ ጧት ፲፪ ሰ.

ባሕሩን በቃሉ ወስኖ ባቆመው አምላክ ስም፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ እንደምን አደርሽ።

ነፋስ ከምሥ.፣ ለስላሳ። ማዕበል እስከ ጉልበት። ውሃው ሞልቶ መመለስ ጀምሯል፤ ከቪላው ወደ ባሕር ከሚወርዱት ደረጃዎች፣ ከታች ሲቆጠር፣ አምስተኛውን አርጥቦ ትቶታል። የሰማዩ ጨረቃ ዕድሜ ፲፪ ቀን። በሒሳብ የሚወጣው የቁጥሩ ጨረቃ ፯። ልዩነት አምስት። እንደ ወትሮው አምስት።

ጸሎቴን አድርሼ በሩን ከፈትኩ። ሙሴ የምለው የቪላው ተከራይ ፈረንሳዊ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ በባዶ እግሩ ወጣ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል ይጋልባል፤ የሰፈራችን የሀራሙስ ዘበኞች ሁሉ ይስቁበታል። ዛሬስ፣ ፓፓ? አለኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ተከፋና ተመልሶ ተኛ።

እርሱ ማዕበል ሲጠፋ ያዝናል። እኔ ሲመጣ።

ወደ ባሕሩ የሚገባው ድንጋይ ጫፍ ላይ ዛሬም አልወረድኩም። ከደረጃው ላይ ሆኜ ብቻ አየሁት። ኖራው ከሩቅ ይታያል።


ታኅሣሥ ፳፱፣ የልደት ዕለት፣ ከቀኑ ፱ ሰ.

ነፋስ የለም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል።

ቅዳሴ በሰላም ተፈጸመ። ጾሙ ተፈታ። ምእመናን በግቢው ተቀምጠው ሲበሉ ቄሰ ገበዙ በሁሉም ፊት ጠሩኝ። ለጥምቀት ባሕር የምንወርድበትን ሰዓትና የምንቆምበትን ቦታ እንደ አምናው እንድነግራቸው። እንደ አምናው ሲሉ ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት። ፊቴን አይተው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ፤ መሪጌታ፣ የእርስዎ ባሕረ ሐሳብ ስንዝር አልሳተም፣ የሆነው ሁሉ የሆነው ባለመታዘዝ ነው አሉ።

ከሴቶቹ አንዷ ቀጠለች። እታፈራሁን ነፍሷን ይማርና፣ መስመሩን ባታልፍ ኖሮ ዛሬ አብራን ትበላ ነበር።

ብርቄ ዳቦ እያዞረች ነበር። የእታፈራሁ ታናሽ ናት። እኅቷ ከሞተች ከአራት ወር በኋላ ከኮምቦልቻ መጥታ፣ እኅቷ ትሠራበት በነበረው ቤት ገባች፤ እኔ ከምጠብቀው ቪላ ቀጥሎ ባለው። ንግግሩን ሰምታ አንገቷን ደፋች። ቁራሹን ስትሰጠኝ እንኳ ቀና አላለችም።

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ሰዓቱን አየዋለሁ፣ አልኳቸው ቄሰ ገበዙን።


ታኅሣሥ ፴፣ ጧት ፪ ሰ.

የሰማዩ ጨረቃ ፲፭፣ ሙሉ። የቁጥሩ ፲። ውሃው ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው። የኖራውን መስመር እየላሰ ነው።

ይህ ጥንድ ያምናው የጥምቀት ጥንድ ነው። በሰማይ ፲፭፣ በቁጥር ፲። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከእንግዲህ ካንቺ አልደብቅም።

አምና ዘበኛ አልነበርኩም። ከተማው ውስጥ ልጆች አስተምር፣ ማሕሌት እቆም ነበር። ሕዝቡ ከባሕሩ ዳር ጸበል ሊቀበል ፈለገ፤ ሰዓቱን እንድወስን ተጠየቅሁ። ባሕር በጨረቃ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ከዓሣ አጥማጆች ሰምቼ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ። አበቅቴውን ይዤ፣ ሕፀፁን ጨምሬ፣ ቀኑን ደምሬ፣ የጨረቃዋን ዕድሜ ዐሥር አገኘሁ። በዐሥር ውሃው ሰነፍ ነው፤ ከጧቱ በ፪ ሰዓትም እየሸሸ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ወሰንኩ። በደንብ የተሠራ ሒሳብ ነበር።

የአባቶች ቁጥር ጾምንና በዓልን ሊያስገኝ የቆመ ነው፤ በዚያ እንከን የለበትም። ጨረቃዋን ግን ከሰማይዋ አምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ያስቀራታል። መምህሬ ይህን አንድ ጊዜ በጨዋታ መካከል ነግረውኛል። ማን ልብ አለው? ሐሳቡን የተማርኩበት አገር ባሕር የለውም። ጨረቃ በአምስት ቀን ብትዘገይ በደጋ የሚሞት ሰው የለም።

በዋዜማው ከቀኑ ፰ ሰ. ውሃው ርቆ ነበር። ድንጋዩ ጫፍ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ምእመናን ከዚህ እንዳያልፉ። የኖራውን ባልዲ የያዘችልኝ እታፈራሁ ናት። ሥራውን ጨርሰን፣ ጸሎት አድርሰን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስንመለስ ጨረቃ ከባሕሩ ላይ ወጣች። እታፈራሁ ቆመች።

«የኔታ፣ ሰፌድ አክላለች እኮ። ዘጠኝ የሚሏት ይቺን ነው?»

አየኋት። በእነዚህ ዓይኖቼ። ሙሉ ነበረች።

«ዓይንሽን ተይውና ቁጥሩን እመኚ» አልኳት። ሳቅሁም።

«እሺ፣ እርስዎ ዘጠኝ ካሏት ዘጠኝ ትሁን። ምን ቸገራት፤ ዕድሜዋን የቀነሱላት ሴት አትቆጣም» አለች። እየሳቀች ባልዲውን ይዛ ቀደመችኝ።


ያው ዕለት፣ ከቀኑ ፮ ሰ.

የጧቱን አልጨረስኩም። ብዕሩን ጥዬ ነበር።

በማግስቱ በ፪ ሰ. ባሕሩ አልሸሸም። ሞልቶ ነበር፤ ነፋስም ነበር። ማዕበሉ ጫፉን ዞሮ ወደ ሰላጤው ሲታጠፍ አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ መጣ። እታፈራሁ ከሰልፉ ፊት ነበረች፤ ጣቶቿ ከመስመሩ ወዲህ። ወዲህ። አጠገቧ ነበርኩ። ቁሚ ያልኳት ቦታ ላይ ቆማ እልል ትል ነበር። እልልታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

ሌሎቹን ወደ ኋላ ሳብናቸው። እርሷን ዓሣ አጥማጆች ከቀትር በኋላ ከሰላጤው ማዶ አገኟት።

ማምሻውን አንድ ሰው መስመሩን አልፋ ይሆናል አለ። ይሆናል ነበር ያለው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አጠገቧ የነበርኩ እኔ ነኝና። ዝም አልኩ። ይሆናል የነበረው በዝምታዬ ሆነ ተባለ።

ከዚያ በኋላ እዚህ ዘበኝነት ተቀጠርኩ። መሪጌታ በር ጠባቂ ሆነ ብለው ሰዎች ተገረሙ፤ ትሕትና ነው ያሉም አሉ። ትሕትና አይደለም። በየጧቱ ጨረቃዋን፣ ውሃውን፣ ነፋሱን እጽፋለሁ። በየጧቱ አምስት ቀን ይጎድላል። ከማዕበሉ ውስጥም ግማሽ እልልታ እሰማለሁ፤ ሌላው ግማሽ መጥቶ አያውቅም።


ጥር ፪፣ ጧት ፩ ሰ.

ነፋስ ከምሥ.፣ መካከለኛ። ማዕበል እስከ ወገብ። የሰማዩ ጨረቃ ፲፯።

ሙሴ ዛሬ ልጅ ሆኗል። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ቀይና ሐምራዊ ቀለም የተቀባ የባሕር ካርታ አሳየኝ። ከውቅያኖሱ ማዕበል እየመጣ ነው፤ ስምንት ቀን ቆይቶ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ቁመቱ ሁለት ሜ.፣ በአንዱና በሌላው መካከል ዘጠኝ ሴኮንድ። የዓመቱ ምርጥ! አለ። ጓደኞቹን ጠርቷል። ስምንት ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። ከተራ። ማግስቱስ? አልኩት። ማግስቱ ይብሳል አለኝ ደስ ብሎት፤ ከጧት እስከ ቀትር።

እርስዎም ሰሌዳ ላይ ይውጡ፣ ፓፓ፣ አለኝ። ጢሜ ሸራ ሆኖ የመን ያደርሰኛል አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቀላል መንገድ ተከፍቶልኛል። ማዕበል ይመጣል፣ ዘንድሮ ባሕር አንወርድም እላለሁ። ሰዎቹ ይድናሉ። እኔም እድናለሁ። ስለ አምናው አንድ ቃል አይወጣም።


ጥር ፬፣ ከቀኑ ፲ ሰ.

የብርቄ የዕረፍት ቀን። በሩ ላይ መጥታ የኔታ፣ ጊዜ አለዎት? አለች። ከጥላው ሥር ተቀመጥን። ነጠላዋን ጣቷ ላይ ስትጠመጥም ስትፈታ ቆየች።

ጥምቀት ዕለት ከእኅቷ ቦታ ላይ ልትቆም ትፈልጋለች። ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትቆማለች፤ እኅቷ ያፈረሰችውን እርሷ ልትጠብቅ። እናቷ ኮምቦልቻ ሆና በስልክ ትላታለች፦ ያቺ ድሮም አትታዘዝም ነበር፤ አንቺ እንኳ ታዘዢልኝ።

ማዕበል ስለሚመጣ ባሕር አንወርድም ይሆናል አልኳት። ፊቷ ጨለመ።

«እንግዲያው አሁን ልበለው» አለች። «ስለ እሷ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሐሳብዎን በሰው ፊት ስላሳፈረችብዎ።»

ይህን ብላ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ አነሣኋት። እግዚአብሔር ይፍታሽ አልኳት። እኔ። እርሷን።


ጥር ፯፣ ጧት ፲፪ ሰ. ተኩል

ነፋስ ከምሥ.፣ ጠነከረ። ማዕበል እስከ ደረት። ምግብ አልበላሁም።

በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ወረድኩ። የግቢውን የብረት ብሩሽ ይዤ ነበር። መስመሩን ላጠፋ። ፋቅሁ። ከላዩ ይለቃል፤ ከድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ግን ነጩ አይወጣም። ጉልበቴ ደማ። ፍቄ ፍቄ እታፈራሁ የቆመችበት ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ምን እያደረግሁ ነው? መስመሩ ምስክሯ ነው። እርሱን ካጠፋሁ የት ቆማ እንደነበር የሚያሳይ የለም።

ብሩሹን ባሕር ውስጥ ወረወርኩ። የሙሴ ብሩሽ ነው። እነግረዋለሁ።

ግማሹ እልልታ ዛሬ ነፋሱን አልፎ ይሰማል።


ጥር ፱፣ ከቀኑ ፭ ሰ.

ማዕበሉ ከተባለው ቀድሞ ደረሰ። ጫፉን ዞሮ ተራ በተራ ይሰበራል፤ ድምፁ ግንቡ ውስጥ ይገባል።

ቄሰ ገበዙ ደወሉ። መልሱን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ አሉ። ባሕር አንውረድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገንዳ ይሞላና ይባረክ አልኳቸው። ሐሳቡ ነው ወይ ይህን ያለው? አሉ። ሐሳቡ አይደለም፣ ዓይኔ ነው አልኳቸው።

ተቆጡ። አንዲት ልጅ አልታዘዝ ስላለች ሕዝብ ሁሉ ከባሕሩ በረከት ይቅር? አሉኝ።

«አልተላለፈችም» አልኳቸው። «ከመስመሩ ወዲህ ነበረች። የተላለፍኩት እኔ ነኝ።»

እውነቱ ከአፌ ሲወጣ በዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸው ለዘበ። ገንዳው ይሞላል አሉ። ለእኔ ነግረውኛል፣ ይበቃል፤ በሕዝብ ፊት የአባቶችን ቁጥር አያዋርዱ። ልጅቷም አርፋለች፣ እርስዎም ይረፉ።

ልጅቷ ነፍሷ አርፋለች። ስሟ አላረፈም።

ቁጥሩ አይዋረድም፣ አባቴ፣ ለጾም የተሰጠንን ቁጥር ለባሕር ያዋልኩ ሰው ነው የሚዋረደው አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ። እርሳቸው ይዝጉት፣ የስልኩ መስመር ይቆረጥ፣ አላወቅሁም።


ጥር ፲፣ የከተራ ዕለት፣ ጧት ፩ ሰ.

ነፋስ ከምሥ.፣ ብርቱ። ማዕበል ከሰው ቁመት በላይ። የሰማዩ ጨረቃ ፳፭፤ ጎሕ ሲቀድ በዓይኔ አየኋት፣ ቀጭን ናት። የቁጥሩን ዛሬ አልጻፍኩም።

ሙሴና ጓደኞቹ ውሃው ውስጥ ናቸው። አንዱ ይነሣል፣ ይጋልባል፣ ይወድቃል፣ ይስቃል። ወድቆ በተነሣ ቁጥር ትንፋሼ ይመለሳል።

ወስኛለሁ። ነጭ ልብሴን ለብሻለሁ። ታቦቱ ሲወጣ፣ ምእመናን በተሰበሰቡበት፣ ቄሰ ገበዙ ፈቀዱም አልፈቀዱም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ደብተር ይዤ ብርቄ ያለችበትን የጎረቤቱን በር አንኳኳለሁ። በሕዝብ መካከል ከሰው እኩል ልትሰማው አይገባም። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዓመት ሙሉ ታገሥሽኝ። ከአሁን ጀምሮ የእርሷ ነሽ።

ብርቄ፣ የታኅሣሥ ፴ን ገጽ ቀድመሽ አንብቢ። ከዚያ ለእናትሽ ደውይና ቃል በቃል አንብቢላት፤ የጨረቃዋን ጨዋታ እንኳ አትዝለዪ፣ ሳቋን ታውቀዋለች። ጉልበቴን የሳምሽበትን ይቅርታ መልሼልሻለሁ፤ ለእኔ ይቅርታ መስጠት ባንቺ ፈቃድ ነው፣ ባትሰጪም እውነት አለሽ። ጫፉ ላይ ወርደሽ መስመሩን ለማየት ብትፈልጊ ማዕበሉ ሲያልፍ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከጧቱ በ፭ ሰ. ውረጂ። ውሃው ይርቃል። ይህን በቁጥር አልነግርሽም፤ ዓመት ሙሉ ቆሜ አይቼው ነው።

እኅትሽ ታዛዥ ነበረች።

ይህን የምታነቢ ልጄ፣ ባሕሩን የሚያዝ ጌታ ወጥተሽ የምትገቢበትን በር ይጠብቅልሽ። ኮምቦልቻ ያለውን ቤታችሁን፣ በውስጡ የተቀመጠችውን እናትሽንም ያጽናና። ከእንግዲህ በዚያ ቤት የእታፈራሁ ስም ያለ እፍረት ይጠራ። አሜን።