ሲራድን በጆሮ መጠበቅ

ህዳር 2፣ ሰኞ

ልጄ ኡባህ ጠዋት ወደ ፋርማሲዋ ሄደች። እኔና ሲራድ ቀረን። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት... እግር አወጣች ብለን እልል ስንል ምን ነክቶን ነበር? እስከ ምሳ ድረስ ሳሙና ቀመሰች፣ ከበርጩማ ወደቀች፣ ከግቢያችን የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ስቀዳ ነጠላ ጫማዬን ወረወረችበት።

ማታ ኡባህ የሲራድን ግንባር እብጠት አየች። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ከሆነች ቡርዖ ከተማ፣ የባሏ እናት ጋ እወስዳታለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሴትዮዋን በስልክ አናግራ ጨርሳለች።

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ቤት ቤት ያደረገችው ሲራድ ናት። ብትሄድ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ከፍየሎቹ ጋር?

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

መላው ተገኘ! ዕድሜዬን ሙሉ ግመል ስነዳ የኖርኩ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋኛል? ከሳጥን የግመሎቼን የእንጨት ቃጭል አወጣሁ። አንገቷን ያንቃታል ብዬ በአሮጌ ሱሪ ላስቲክ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። ቋ ቋ ካለ ደህና ናት። ዝም ካለ ጥፋት ላይ ናት።

ጎረቤታችን ዳሃቦ በአጥር አየችን። መቼ ነው ለገበያ የምታወጣት አለችኝ። ትሳቅ።

ህዳር 5፣ ሐሙስ

ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ህዳር 7፣ ቅዳሜ



ጠዋት የውሃ ቦቴ መጥቶ ጉድጓዱን ሞላልን። ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይዤ ክዳኑን መመለስ ረሳሁ። ሩዝ በሙዝ በላን፣ ጋደም አልኩ። ቃጭሉ ግቢ ውስጥ ቋ ቋ ይላል። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ተኛ?

ከዚያ ድምፁ በበሩ ወጣ።

ሽርጤን ሰብስቤ በባዶ እግሬ መንገድ ገባሁ። ሲራድን ያዙልኝ እያልኩ እጮኻለሁ። ሰፈሩ ተነሳ፣ ዳሃቦ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኋላዬ። ሥጋ ቤቱ ጥግ ደረስንበት... ነጯ ፍየላችን! ቃጭሉን አንገቷ ላይ አድርጋ ካርቶን ታኝካለች። ልጅቷ ከወገቧ አውልቃ ለፍየሏ አጥልቃላታለች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። እኔም ልስቅ ስል ክዳኑ ትዝ አለኝ።

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነው። በሆዴ ተኝቼ አንገቴን አስገብቼ ተጣራሁ። የሚመልስልኝ የራሴ ድምፅ ነው። ውሃው ጥቁር ነው። ዋና አልችልም... ግን አንድ እግሬን ሰደድኩ።

ከኋላዬ ሸሚዜ ተጎተተ።

“አባባ፣ እምቢ! ትወድቃለህ።”

ፀጉሯ ሣር በሣር ሆኗል። ለካ ፍየሎቹ በረት ውስጥ ነበረች። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ እንዳልመለስ ሸሚዜን ይዛ ቆመች።

ህዳር 8፣ እሁድ

ትናንት ዳሃቦ ሳትቀድመኝ ብዬ ኡባህን በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

“አባዬ፣ በጆሮ የሚጠበቀው ግመል ነው” አለችኝ።

ዛሬ በያጅ አመጣች። ጉድጓዱ የብረት ክዳንና ቁልፍ ተገጠመለት። ቁልፉ እሷ ጋ ነው። እስከ ሐሙስ አጠባበቅህን አያለሁ፣ ካልሆነ ቡርዖ ነው አለች። ሲራድ የሌለችበትን ሐሙስ ማሰብ አቃተኝ። እራት አልበላሁም።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

እነዚህን ቀናት ከዓይኔ አልለየኋትም። ስትቀመጥ እቀመጣለሁ፣ ስትነሳ እነሳለሁ። ጉልበት የሚባል ነገር አልቀረኝም። እንቅልፍማ ተረስቷል።

ማታ ላይ አልጋ ሥር ገባች። ተከትያት ገባሁ። እሷ በወዲያ በኩል ወጣች፣ እኔ ተቀርቅሬ ቀረሁ። ዞራ መጥታ እግሬን ይዛ ስትጎትት ኡባህ ከሥራ ገባች።

ኡባህ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ልጅቷን ምን ስትሠሪ ዋልሽ ስትላት ሰማሁ።

“አባባን ስጠብቅ” አለች ሲራድ፣ እግሬን ሳትለቅ።

ኡባህ እዚያው ቆማ ቡርዖ ደወለች። አልጋ ሥር ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ።

“ይቅርታ እማማ፣ ሲራድ አትመጣም” አለች። “እዚህ ሥራ አላት።”