ስለ ስድስቱ ባልዲ በርበሬህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ክፍልህን ሊያ ወስዳዋለች፤ ጋቢህንም ማይን፣ የኔ ነው ብላ እሱኑ ለብሳ ነው የምትተኛው፣ የልጅ ልጅህ አይደለች። በረንዳው እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ባዶውን ነበር።

የምጽፍልህ ግን ወሬ ልነግርህ አይደለም። አፍሬ ነው።

ያን ሪፐር የሚሉትን እሳት የሆነ በርበሬ በስድስት ባልዲ የተከልከው፣ እዚህ ሳን ሆዜ የሚሸጠውን ሚጥሚጣ ቀምሰህ፣ ይሄማ ቀለም ነው ብለህ ስትስቅ ከርመህ ነው። መጀመሪያ የደረሰውን እኔ ጅሏ ጫፉን ነክሼ ዐይኔ በእንባ ሲሞላ፣ እርጎ በማንኪያ እያጎረስክ አይዞሽ የኔ ጀግና ትለኝ ነበር። የአርባ ሁለት ዓመት ሴትዮ!

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። የሥራ ባልደረቦቼን ምሳ ጠርቼ፣ አንተ እንግዶቹን ላስደስት ብለህ በርበሬውን መጥበሻ ላይ ቆላኸው። ቤቱ ሳል በሳል ሆነ፤ የጭስ አላርሙ ጮኸ፤ አለቃዬ እያስነጠሰች ወደ ኮሪደር ሮጠች። አንተ መስኮት እየከፈትክ ሶሪ፣ ሶሪ ትላለህ። እኔ አፈርኩብህ። ይኸው ጻፍኩት፤ በአባቴ አፈርኩ።

በማግስቱ ዋሸሁህ። ታች ያለው ጎረቤታችን ሚስተር ትራን ለሕንፃው ማኔጀር ኮምፕሌን አድርጓል፣ ባልዲዎቹ ካልተነሱ የኪራይ ሊዛችንን አያድሱልንም አልኩህ። ሰውዬው አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። አንተ ግን ልጄን ከቤት ላስወጣት ነው ብለህ ደነገጥክ፤ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ተጠርጓል። የት እንዳደረስካቸው እንኳ አልጠየቅኩህም። ከዚያ ወዲያ ያቀረብኩልህን አልጫ ሚጥሚጣ ሳትጠይቅ በላህ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ አንተ ያስቀየምከውን ሰው ይቅርታ ሳትጠይቅ አታድርም።

ቅዳሜ ሚስተር ትራን በሬን አንኳኳ፤ ከባልዲዎችህ አንዱን፣ በርበሬው እንደተንዠረገገ፣ ታቅፎ። ለካ በዋሸሁህ ቀን፣ በዚያች በማውቃት እንግሊዝኛህ፣ ይቅርታ ልትጠይቀው ወርደህ ኖሯል። እሱም ግራ ገብቶት፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም፣ ሽታውንም እወደዋለሁ ብሎሃል። አንተም፣ እንግዲያው አንተ ጋ ይደጉ፣ ለልጄ ግን እንዳትነግራት፣ ታፍራለች ብለህ ለመንከው።

ታውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቅክ፣ እስክታርፍ ድረስ ማታ ማታ ስገባ ደክሞሻል ወይ እያልክ ራት አብረኸኝ በላህ። ምነው አንዴ እንኳ በተቆጣኸኝ!

ትናንት ከበርበሬው ዳጣ ፈጨሁ። ጓንት ረስቼ እጄን እስካሁን ይለበልበኛል። አንድ ብልቃጥ ይዤ ወደ ሚስተር ትራን ወረድኩና በስሙ ስለዋሸሁ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ወዲያው ይቅር አለኝ። ወዳንተ ብመጣ የማንኳኳው በር ግን የለኝም፣ አባዬ።

ባልዲው አንተ ታስቀምጥበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው። እንግዳ መጥቶ ቢያስል፣ የአባቴ በርበሬ ነው እላለሁ። እሳቸው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ቁጭ አድርጌ ከዚያ እሁድ ጀምሬ እነግረዋለሁ፤ ውሸቴንም አልዘልም።

ልጅህ ብሩክታዊት