ሌላ ቀን የተጫወተውን

ቢቸና፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት የምወደውን የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ለአባባ በስልኬ አሰማኋቸው። እዚያው እየፈጠረ እንደሚጫወት ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ያንኑ ደግሜ ከፈትኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የትናንቱን ደገመው እኮ! አያፍርም እንዴ?»

በእሳቸው ቤት አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። የተቀዳ መሆኑን ባስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም።

«እንግዲያው ሌላ ቀን የተጫወተውን አምጣ።»

ያንኑ ዜማ በሌላ መድረክ ሌላ አድርጎ የተጫወተበትን ፈልጌ አገኘሁ። እስኪያልቅ ሳይነቃነቁ ሰሙና መቋሚያቸውን መሬት መትተው «ይበል!» አሉ። በቅኔ ቤት ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ሰባት ዓመት ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ቅኔ ስቆጥር አንድም ቀን «ይበል» ብለውኝ አያውቁም። በሰውዬው ቀናሁ። ነገ ሦስተኛውን እፈልግላቸዋለሁ።