ከምድጃው ጎን ያለውን ቀዩን አውርጂው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ደረጃውን የሠራውን ሰው ትራገሚያለሽ? ትሪው የፈጀሽ ክንድሽ ጠባሳው ጠፋልሽ? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያ በየጠዋቱ ዳቦሽን እንደ ሐኪም ጫን ጫን እያደረገ የሚመርጠው ጡረተኛስ በሕይወት አለ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከዱቄት ሳል በቀር በጣም ደህና ነኝ። ዱቄት ስልሽ ደግሞ ያንቺን ዓይነት እንዳይመስልሽ፤ ያንቺን ሰው ይበላዋል፣ የኔ እሳት ይበላል።

መቼም ይሄን ፖስታ ስታዪ ሰው የሞተ መስሎሽ መደንገጥሽ አይቀርም። ማንም አልሞተም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ እንቁራሪት ካስገባሁ በኋላ አንቺ እያነበብሽልኝ ከጻፍኩት የይቅርታ ወረቀት በቀር፣ በዕድሜዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ይሄ ብቻ ነው። ፊደሉ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳቅሽብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምድጃሽ ጎን ያለው እባብ አፉ ሊወልቅ ነው ብዬ ወሬውን በቀልድ ጀመርኩት። ባለፈው እሑድማ ደግሞ ምን ደገስክልኝ ብለሽ ከት ብለሽ ስቀሽ፣ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ፣ አንተ ቁም ነገር ቢኖርህ ኖሮ ቁጭ ብለህ ትጽፍልኝ ነበር አልሽኝ። ይኸው ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ያ ያመጣሁልሽ እሳት ማጥፊያ ነው። ስምንት ወር ሆነው አይደል? ፋብሪካችን ለሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ ሲሰጥ፣ እኔ የኔን ተሸክሜ አንቺ ዳቦ ቤት ድረስ መጣሁ። ይረጨኛል ብለሽ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ አልቆም አልሽ። እማዬማ ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል እያለች ዞራው ነበር የምታልፈው። በአባዬ አጽም ምዬ፣ ይሄ ቀልድ የለበትም፣ እሱን አምነሽ ጀርባሽን ስጪው ብዬ አሳመንኩሽ። ሲያስፈልግ ቅርብ ይሁን ብዬም በገዛ እጄ ሚስማር መትቼ፣ ከምድጃው አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ሰቀልኩት። ያኔ እንድታምኚው ደከምኩ፤ ዛሬ እንዳታምኚው እደክማለሁ።

ከቀዩ ሲሊንደር አንገት ጥቁር ቱቦ ይወርዳል። በቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው አፍ፣ ዱቄቱን ሰብስባ ወደ እሳቱ የምትወረውረው፣ አፈሙዝ ትባላለች። እኔ የምውለው ከሷ ጋር ነው። ያንቺ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ናት፤ ቱቦው ላይ ትገፋና በቀለበት ትጠብቃለች። ከመቶው አንዱን እንደተሠራ በዕለቱ እንተኩሰዋለን፤ ዱቄቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ከመታ፣ ደህና ነው ተብሎ ለመቶውም ማኅተም ይመታል። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ሳስበው፣ ትኩስ ዳቦ ቀምሰሽ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም ብሎ መማል ነበር።

አፈሙዟ እያደር እንደምትላቀቅ እንዴት አወቅክ ትዪኛለሽ። በምን አውቃለሁ፤ በተንኮል ነዋ! ፎርማናችን እንደምን አደራችሁ ሲል እንኳ የሚያስጠነቅቅ ስለሚመስል ስሙን ማስጠንቀቂያ ብለነዋል። አንድ ቀን ከምሳ ሲመለስ ጫማውን አስጠርጎ እንደ መስታወት አብለጭልጮታል። ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ። ቀለም ከሚደርቅበት ምድጃ ጎን፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ማጥፊያ ተሰቅሎ ነበር። አወረድኩት፣ እጀታውን የሚቆልፈውን ፒን ነቀልኩ፣ ጫማው ላይ ትንሽ ልነፋበት እጀታውን ጨበጥ አደረግኩ። እታለም፣ ዱቄቱ ጫማው ጋ አልደረሰም። አፈሙዟ ተፈናጥራ በጆሮው ሥር አለፈችና የግድግዳውን ሰዓት ሰበረችው። ዱቄቱ በሙሉ የኔው እግር ላይ ተዘረገፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከጉልበቴ በታች ነጭ ሆኜ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ያንቺ ምድጃ ትዝ አለኝ።

ማስጠንቀቂያ ጆሮውን እየዳሰሰ፣ ሆን ብሎ አላልቶት ነው አለ። በአባቴ አጽም ብዬ ማልኩ። አባትህን እንኳ በመቃብሩ አታሳርፈውም ወይ አለኝ። ምን ይፍረድ? ወንበሩን ግሪስ የቀባሁት እኔ፣ የሻዩን ስኳር በጨው የለወጥኩት እኔ። ዕረፍቴ ተሰርዞ መጥረጊያ ተሰጠኝ። ለዚህ ነው ራሴ ያልመጣሁት። የዚያኑ ቀን ደወልኩልሽ፤ ሳቅሽ።

እዚህ ቶርኖ በሚሉት የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ አባ ዝም እንለዋለን። በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ያ ቀን በዓል ነው። ስጠርግ መጥቶ ያቺን የተፈናጠረች አፈሙዝ ከመሬት አነሳት፤ አገላበጣት፣ አውራ ጣቱን ከተተባት፣ ከዚያ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎኝ ሄደ። አራት ቃል! አንዱን ከነገው ተበድሮ መሆን አለበት። በማግስቱ ስድስት አዳዲስ ማጥፊያ አምጥቶ ፊቴ ደረደረ። በዓይኑ እያየኝ ቀለበታቸውን አጠበቅኩ፤ እሱ ደግሞ ማንም አላላው እንዳይል ቀለበቱንና ቱቦውን አጋጥሞ በመርፌ ጭረት ምልክት አደረገባቸው። ከቀለም ማድረቂያው ጎን ሰቀልናቸው። ሃያ ቀን ሙሉ በሥራቸው እየጠረግኩ አየኋቸው፤ እነሱም የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲይዙ ነበር የምጸልየው፤ ውሸታም ልባል፣ ብቻ ይያዙ።

በሃያኛው ቀን ሁሉም ተሰበሰበ። የመጀመሪያዋ ያዘች፤ ማስጠንቀቂያ ፈገግ አለ። ሁለተኛዋ በረረች። ሦስተኛዋም በረረች። ስድስቱ ሲያልቁ አራቱ መሬት ላይ ነበሩ፤ የአባ ዝም ጭረት ግን በየቀለበቱ ላይ እንዳለ፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱ አልላላም፤ ፕላስቲኩ ነው በሙቀት የሟሸሸው። ማስጠንቀቂያ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። ለዚያች ቀን ብዬ ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ እሱን ሳልናገር ወጥቼ ደወልኩልሽ፤ ሳቅሽ።

ከዚያ የፋብሪካው መሐንዲስ አዲስ አፈሙዝ ይሠራ አለ። ማን ይሞክረው ሲባል፣ ማስጠንቀቂያ ወደኔ ጠቆመና፣ ደህናውን ነገር ማበላሸት ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፣ በተፈጥሮው ነው አለ። ሥራዬ ማበላሸት ሆነ። አባ ዝም ይሠራል፣ እኔ አበላሻለሁ። ከደረጃ ላይ ወረወርኳት፣ አፏን በጭቃ ደፈንኳት፣ ቱቦዋን በጋሪ አስረገጥኩት፣ ምድጃ ጎን ሰቀልኳት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። ተንኮል በፈቃድ ሲሆን እንዲህ እንደሚያደክም የነገረኝ የለም። ቀዳዳዋ ሲጠብ ዱቄቱ ይረጋና ያንቃታል፤ ሲሰፋ እንደ ሽማግሌ ምራቅ እግር ሥር ጠብ ይላል። መሐንዲሱ አምስት ነጥብ ምናምን እያለ ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የወጣሁት ነጥብ የመጣ ዕለት ነው። ከአባ ዝም ጋር ከሚስማር ወፈር፣ ከእርሳስ ቀጠን ተባብለን ተግባባን። አሥራ ስምንቱን አበላሸሁ። በተበላሹ ቁጥር መሐንዲሱ ደስ ይለዋል፣ አባ ዝም ዝም ይላል፣ እኔ ብቻ ነኝ የምናደደው።

አሥራ ዘጠነኛዋን አቃተኝ። ነሐስ ናት። ጭራዋ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ አለው፤ ቱቦው ውስጥ ስትገባ እሺ ትላለች፣ ውጪ ስትባል ትነክሳለች። ከላይ ማሰሪያውን የሚጨምቀው ማሽን ነው እንጂ ለምሳ የቸኮለ እጅ አይደለም። ሃያ ቀን ከምድጃው ጎን ከርማ፣ በሷ አምሳል ተሠርተው ከተሰቀሉት ሃያ አፈሙዞች አንዷም አልተነቃነቀችም። ያ ነው ባለፈው እሑድ ያስደወለኝ።

ደክሞኛል እታለም። በቀን አርባ ጊዜ እተኩሳለሁ። ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም፤ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ አባባ ብሎ ያሳልፈኛል። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና እዚያው እቀራለሁ። ጎረቤቴን በር ጀርባ ተደብቄ ማስደንገጥ ከተውኩ ሰነበትኩ፤ ታመሃል ወይ ብሎ ሎሚ አመጣልኝ። ሰውነቴን ያደከመው ሥራው ነው፤ ልቤን ያደከመው ግን አንቺ ነሽ። አፈሙዟን በያዝኩ ቁጥር አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሊጥ ስትቆርጪ ይታየኛል። ማጥፊያውን ለገዙት ሁሉ ወረቀት እየተላከላቸው ነው። ያንቺ ግን ስጦታ ነውና ስምሽ የትም አልተመዘገበም። ከኔ በቀር የሚነግርሽ የለም፤ እኔን ደግሞ የሚያምነኝ የለም።

እንግዲህ ስሚኝ። አብሮ የመጣው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አዲሱ ቱቦ ነው፤ እንደ አሥራ ዘጠነኛዋ የተሠራች የነሐስ አፈሙዝ ጫፉ ላይ አለች። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ማጥፊያውን ከሚስማሩ አውርጂው። ፒኑን አትንኪ፣ እጀታውን አትጨብጪ። የአሮጌውን ቱቦ ራስ ከሲሊንደሩ አንገት ላይ በእጅሽ ወደ ግራ አዙረሽ ፍቺው፤ አዲሱን ወደ ቀኝ አዙረሽ እስኪጠብቅ እሰሪው። ፒንሳ አያስፈልገውም፤ ያ ሊጥ የሚያስጮህ እጅሽ ይበቃዋል። ከዚያ በሩ ጋ ስቀይው። እሳት ተነስቶ እሳቱን አልፈሽ ማጥፊያ አትፈልጊም፤ ይሄን እንኳ ሳላስብ ነው ያኔ የሰቀልኩልሽ። ቱቦው እስኪቀየር ድረስ አንድ ነገር ቢፈጠር ግን፣ ልዋጋው እንዳትዪ፤ ልጆቹንና እማዬን ይዘሽ ውጪ። ዳቦ ቤት ይሠራል፣ እህት አትሠራም።

አሮጌውን ቱቦ ከነአፈሙዙ መልሰሽ ላኪልኝ። ለምንም አይደለም፤ እጄ ሲገባ የዚያን ቀን እተኛለሁ።

አሁንም ይሄ ልጅ ቀለም ጨርሶ ነው የቀለደብኝ እንዳትዪ፣ አባ ዝም ከታች አንድ ነገር እንዲጽፍልኝ ሁለት ቀን ለመንኩት። የአባዬን ፊርማ በሪፖርት ካርዴ ላይ ሦስት ዓመት ስፈርም እንደኖርኩ ታውቂያለሽና ይሄንንም እሱ ነው የጻፈው ማለትሽ አይቀርም። ጽሕፈቱን እይው። ቶርኖ ላይ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፤ እኔ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ቀልዱን ትቷል፣ ቅዘኑም የለበትም በያት። ጋሼን፣ ባልሽን፣ የጫማውን ማሰሪያ ከወንበሩ እግር ጋር ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ አሁን ንገሪው፤ ርቄያለሁ። ትልቋን ልጅሽን ነጥብ ሲመጣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ በያት። ትንሹን ጆሮውን ሳቢልኝ፣ ምክንያቱን እሱ ያውቀዋል። አቡኪዋን እጇ አይደንዝዝ በያት። ለዚያ ጡረተኛም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አንድ ቀን ዳቦውን ሳይጫን እንዲገዛ እመኝለታለሁ።

ወንድምሽ፣ እማዬ መዘዜ የምትለው

ከአፈሙዝ መሞከሪያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12

እውነቱን ነው። ያውርዱት።