የሸማኔው የአቶ ካሱ ሊሻን ሕይወትና የግራ ዓይናቸው ጉዳይ

አቶ ካሱ ሊሻን ዓይናቸውን ሳይገልጡ በፊት የሰሙት የመወርወሪያ ድምፅ ነው። ቀጭ፣ ቋ፤ ቀጭ፣ ቋ። አባታቸው አቶ ሊሻን ዳና የመስቀል ልብስ ሥራ ደርሶባቸው ስለነበር፣ እናታቸው ወ/ሮ አበራሽ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያምጡ እንኳ ከመሸመኛው አልተነሡም ይባላል። ዘመኑ 1955 ዓ.ም.፣ ወሩ መስከረም፣ አገሩ ጨንቻ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ጨንቻ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ወዲያ ድርና ማግ አስተማሪያቸው ሆነ። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሻሺቱ ወልደ ሚካኤል ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሚዜያቸውም አብሮ አደጋቸው አቶ ሽበሺ ነበሩ። ይህ ስም ወደ ታች ይመለሳልና ይያዝልን። በ1984 ዓ.ም. ሁለቱም ጓደኛሞች ወደ አርባ ምንጭ ወርደው፣ አቶ ካሱ ሲቀላ በሚባለው ሠፈር መሸመኛቸውን ተከሉ፤ አቶ ሽበሺም እዚያው ሠፈር መድኃኒት መሸጫ ከፈቱ። አቶ ካሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ በሚባለው ቀበሌ ትንሽ የሙዝ ማሳም ነበረቻቸው።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በዚያች ማሳ ደረቅ ቅጠል ሲያነሡ አንዱ ተፈናጥሮ ግራ ዓይናቸውን ገረፋቸው። ዓይናቸው ቀላ። አቶ ሽበሺ ዘንድ ሲሄዱ፣ “ካሱዬ፣ ለዚች ደግሞ ሐኪም ቤት ልትሰለፍ ነው?” ብለው ጠብታ ሰጧቸው። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ጠፋ። አቶ ካሱም ደስ ብሏቸው ሚዜያቸውን ባለ ጥለት ጋቢ አልብሰው መረቁ። ዓይናቸውን የገደለውን እጅ መረቁ ማለት ነው።

ጠብታውን ሳያቋርጡ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሲጀምሩ ዓይናቸው በጉም ተሸፈነ፤ ሕመሙም እንቅልፍ ነሣቸው። በሆስፒታል የዓይን ሐኪሟ ዶ/ር እሌኒ በብርሃን ተመልክተው ነገሩ አላማራቸውም፤ ከዓይኑ ውስጥ በቀጭን መርፌ ጥቂት ውኃ ቀድተው ለምርመራ ላኩ። በማጉያ መሣሪያ ሲታይ የተቆራረጠ ክር የመሰለ ነገር ቅርንጫፍ አውጥቶ ተገኘ፤ ፈንገስ ነበር። ከቅጠሉ የመጣው ሻጋታ በቁስሉ ገብቶ ዓይን ውስጥ አድጓል። ያ ጠብታ መቅላቱን ያጠፋው ሰውነት ራሱን የሚከላከልበትን ኃይል አስተኝቶ እንደሆነ፣ ሻጋታውም ከልካይ አጥቶ እንደተስፋፋ ሐኪሟ ቁጭ አድርገው አስረዷቸው። ከአዲስ አበባ በመጣ መድኃኒት ዓይናቸው ውስጥ ደጋግመው ተወጉ፤ ለወራትም ኪኒን ዋጡ። ሻጋታው ሞተ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም።

ዶ/ር እሌኒ ያንን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ራሳቸው ሄደው አቶ ሽበሺን አስጠነቀቁ። አቶ ሽበሺም “እሺ እናቴ” አሉ። በሳምንቱ ሸጡ።

አቶ ካሱ ይህን ሲሰሙ ካሣም ዳኛም አልፈለጉም። መሸመኛቸውን ነቅለው ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ ተከሉ፤ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ነጭ የሆነውን ዓይናቸውን ለአላፊ አግዳሚው ገለጡት። ስምንት ዓመት! ዓይኑ የቀላ ሰው ወደዚያ በር ሲያቀና፣ “አንተ! ምን መታህ? ቅጠል ነው? ገለባ ነው?” ይሉ ነበር። አዎ ካለ ባጃጅ አስቁመው፣ “ሆስፒታል ሂድ፤ ከዘገየህ እንዲህ ነው፣ ይኸው እየኝ” ብለው ይጭኑታል። ዛሬ እዚህ ከለቀስተኛው መካከል የቆመችው ፌቨን የበቆሎ ቅጠል መትቷት በዚያ በር ልትገባ ስትል በነጠላዋ ጫፍ ጎትተው የመለሷት እሳቸው ናቸው። ፈንገሱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ተደርሶባት ዛሬ በሁለት ዓይኗ ታለቅሳለች።

የነፍስ አባታቸው አባ ተክለወልድ፣ “ካሱ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ሲሏቸው፣ “አባቴ፣ እኔ መቼ ሳሌን ደበቅሁ? በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እያሳልኩ ነው” ብለው መለሱ። ጽድቅ ነው ብለው አልሠሩትም፤ በቀል ነው ብለው ነው የሠሩት። ይህን ታሪካቸውን ስናነብም እንዳናሳምርላቸው አዘዋል።

አቶ ካሱ ከክረምቱ ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ሻሺቱ ሐሴትንና ሰሊሆምን አፍርተው አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። የአንድ ዓይናቸውን መጥፋት ያየ አምላክ በማይመሽ ብርሃኑ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ያድል። አሜን።

ከምርቃቱ በኋላ ይነበብ ብለው ያዘዙት ደግሞ ይህ ነው፤ “ሽበሺ ከቀብሬ አይቀርም፤ ሰው ፊት ቆሞ ይስማ” ብለዋል። ሊያርፉ አሥር ቀን ሲቀራቸው ሽማግሌዎች አቶ ሽበሺን እርጥብ ሣር አስይዘው ለዕርቅ አመጧቸው። በጋሞ እርጥብ ሣር የያዘ ሰው እንቢ አይባልም። አቶ ካሱ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ “ሣሩን እቀበላለሁ፣ ዕርቁም ዛሬውኑ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ። ዶክተሯ ከነገረችህ በኋላ ለምን ሸጥክ? ንገረኝና ልሙት” አሉ። ወ/ሮ ሻሺቱም፣ “ሽበሺ፣ ተናገር እንጂ!” አሉ። አቶ ሽበሺ ሣሩን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አኖሩ፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አጠለቁ፤ ወጥተው ሄዱ።